ወደ ግራ የፈታነው ፍሬ

ወንድ ልጅ «አላውቅም» ከሚል መኪና ቢገነጣጥል ይቀለዋል። አትቆጡ፤ ከራሴ ተነስቼ ነው...

አማቴ ሐጂ ይማም እዚሁ ሐይቅ ከተማ ከእድሜዬ የምትበልጥ የጭነት መኪና አለቻቸው። ልጃቸውን እንዲጠይቁልኝ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መልሰው በሦስተኛው እሺ ብለዋል። የመኪናዋን ቁልፍ ለመስጠት ግን አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። እሱንም የሰጡኝ ለዓይን ሕክምና ደሴ ሲሄዱ፣ ከአምባሰል ማሽላ እንዳመጣላቸው ብለው ነው።

ማሽላውን በሰላም አራገፍኩ። ወዲያው ግን የፊት ግራ ጎማ ይንጫጫ ጀመር። የሚስቴ ወንድም ሰይድ ከጅዳ ከተመለሰ ገና ወሩ ነው፤ እዚያ ጋራዥ እሠራ ነበር ብሎናል። «አብሽር፣ ኩሽኔታው ግራሶ ጠምቶት ነው፤ ፈትተን እንቀባዋለን» አለኝ። (ጋራዡ ውስጥ መኪና አጣቢ እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው።)

ጎማውን አወረድን። የአክስሉ ትልቅ ፍሬ ግን አልነቃነቅ አለ። መፍቻው ላይ ቁመታችንን የሚያክል ቱቦ ሰክተን ሁለታችንም ተንጠለጠልንበት። ድንገት «ቀጭ» ብሎ ዞረ። ደስ ብሎን ተጨባበጥን። ትንሽ ቆይቶ ነው ነገሩ የከነከነን፤ ፍሬው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንዳሻው ይዞራል እንጂ አይወጣም። በመዶሻ እያባበልን ስናወጣው ከፊት በኩል ያለው የአክስሉ ጥርስ ግማሹ ረግፏል፣ ግማሹ ተጋድሟል። አክስል ድዱ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚመስል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ...አትዩ።

ሐጂ የሚመለሱት በማግስቱ ነው። ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ያላቸውን ጋሽ ታደሰን ለምኜ አመጣሁ። ጎንበስ ብለው አዩና፣ የዚህች መኪና የግራ ጎማ ፍሬ የሚፈታው ወደ ቀኝ መሆኑን በእርጋታ አስረዱን። የፈታን ሲመስለን ስናጠብቅ ነበር ማለት ነው። ሰይድ ጫማውን መመርመር ጀመረ።

ደግነቱ ከሥር ያለው ጥርስ አልተነካም። ጋሽ ታደሰ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ሰጥተውኝ፣ የተጋደመውን ጥርስ ቦዩን እየተከተልኩ እንዴት እንደማቀና አሳዩኝና እሳቸው አዲስ ፍሬ ሊያወጡ ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ሞረድኩ። ጣቶቼ ተላላጡ። አመሻሽ ላይ አዲሱ ፍሬ እየተግደረደረም ቢሆን ገባ፣ ጠበቀም።

በማግስቱ ሐጂ ከሚኒባስ ወርደው ከልጃቸው በፊት መኪናዋን ጎበኙ። ዓይናቸው በጣም ድኗል፤ ያ ረቢ፣ ምነው ሕክምናው አንድ ሳምንት በዘገየ! ጎማው ሥር የቀረውን የብረት ብናኝ በጣታቸው አነሱና ቀና ብለው አዩኝ። ሰይድን ዞሬ ብፈልገው ሶላት ደርሶበት ሄዷል። መዋሸት ስላቃተኝ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ብናኙን ከጣታቸው እያራገፉ ጠየቁኝ።

«ወደ ግራ ነው ያዞራችሁት?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ቱቦ ሰክታችሁ?»

«አዎ።»

«ሁለት ሆናችሁ?»

«ሁለት ሆነን።»

ሐጂ ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ሰው አለመኖሩን አረጋገጡ።

«እኔ መኪናዋን የገዛሁ ሰሞን ጥርሱን ብቻዬን ነው ያረገፍኩት» አሉ፣ የዛሬ ልጅ ጉልበት የለውም በሚል ዓይን ከላይ እስከ ታች እያዩኝ።