ጭቃቸውን ያጠብኩባቸው ወታደሮች

የሰው ልጅ ሲያደንቅ ግራ ያጋባኛል። ቆንጆ ልጅ ሲያይ «ሥዕል ትመስላለች» ይላል፤ ጥሩ ሥዕል ሲያይ ደግሞ «ሕያው ሰው ይመስላል» ይላል። ደጃፌ የበቀለውን ጽጌረዳ ያየች ጎረቤቴ «ውይ ሲያምር፣ ፕላስቲክ እኮ ነው የሚመስለው!» አለችኝ፤ ይህችው ሴትዮ ሱቄ መጥታ የፕላስቲክ አበባ ስታነሣ «እውነተኛ ካልመሰለ አልወስድም» ብላ ታገላብጠዋለች። እውነተኛው ሐሰተኛውን፣ ሐሰተኛው እውነተኛውን ለመምሰል ሲጣደፉ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። እኛ መሐል ቆመን እናጨበጭባለን።

ስለ መምሰል የመናገር መብት አለኝ። መቱ ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ሳፋ፣ ጆግ፣ ባልዲ፣ የልጆች መጫወቻ። ትምህርትን እስከ ሦስተኛ ክፍል ሸኝቼው ተመልሻለሁ፤ ፕላስቲክ ግን ዓይኔን ብትሸፍኑኝ በጣቴ ዳስሼ ደህናውን ከልፍስፍሱ እለይላችኋለሁ። ከመጫወቻዎቹ መካከል በከረጢት ታጉረው የሚመጡ አረንጓዴ ወታደሮች አሉ። ፊት የላቸውም። አፍንጫቸው ከጠመንጃቸው ጋር ቀልጦ አንድ ሆኗል፤ እግራቸው ከቆሙበት ሰሌዳ ጋር ተጣብቋል፤ ከራስ እስከ እግራቸው የቅርጹ መጋጠሚያ እንደ ስፌት ይወርዳል። ከረጢቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ሰው ናቸው። ያም ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። መጫወቻ ወታደር ማለት እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ገመቹ እስኪመጣ ድረስ።

ገመቹ የወንድሜን ልጅ ሌንሳን ሊያገባ የተነሣ ልጅ ነው። ሥራው ጥርስ ነው። አይነቅልም፤ ይሠራል። አፍ ውስጥ ሲገባ የራስ ጥርስ የሚመስል ጥርስ፣ ትንሽ ቢጫ ጣል አድርጎበት፣ አንዷን ሸረፍ አድርጎ ያወጣዋል። ሌንሳን ያሳደግናት እኔና ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ተፈራ ነን፤ አባቷ፣ ታናሻችን፣ በሕፃንነቷ አረፈ። የአባቷ እህት ነኝና እንደ አገሩ ደንብ አዳዳ ትለኛለች።

እንግዲህ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ገመቹ ሽማግሌ ሊልክ እንዳሰበ ተነሥቶ ስለ ጠባዩ ስንጠይቃት፣ ሌንሳ እንደ ዋዛ «ቤቱ ወታደሮች አሉት» አለች።

ጋሼ ተፈራ ጉርሻው መንገድ ላይ ቆመ። «ስንት?»

«አሥራ ሦስት።»

«ምን የሚያካክሉ?»

ሌባ ጣቷን አቆመች። «እንዲህ። ትናንሽ ወታደሮች ይሰበስባል፤ ሳይቀቡ ከውጭ ያስመጣቸውና ራሱ ይቀባቸዋል።»

ጋሼ ተፈራ ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። «ወታደር መጫወቻ አይደለም» አለ። «ሚስት ላግባ የሚል ሰው በወታደር የሚጫወት ከሆነ ልጄን አልሰጥም። ሽማግሌዎቹን ከበር እመልሳቸዋለሁ።»

ጋሼ ተፈራን ማወቅ ይኖርባችኋል። የድሮው ሠራዊት ወታደር ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ አንድ ቦርሳና አንድ ዝምታ ይዞ ተመለሰ። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ሠርግ ላይ የፊት ወንበር ይለቀቅለታል። «ጋሼ፣ የት ግንባር ነበሩ?» የሚል አይጠፋም። «ነበርኩ» ይላል፤ በቃ። የሚያወራ ሰው የሠራውን ራሱ ይነግራችኋል፤ ዝም ላለው ግን የምንሞላለት እኛ ነን፤ የመቱ ሰው ደግሞ ሲሞላ አይሰስትም። አንድ ታንክ ማርኳል ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። ዓመት ሳይሞላ ታንኮቹ ሦስት ሆኑ። ቤት ውስጥ ቃል የሚወጣው ገበታ ላይ ብቻ ነው፤ አንዴ ቀምሶ «ሽንኩርቱ ቸኩሏል» ይላል። ሁልጊዜም ልክ ነው። ይህ ደግሞ ያናድዳል።

ሌንሳ ሁለት ቀን አለቀሰች። «አዳዳ፣ ማሎ! አንድ ነገር አድርጊ» እያለች ለመነችኝ። እኔም ጋሼ ተፈራን ይዤ፣ ሳያዩ መፍረድ የፈሪ ነው፣ አንተ ደግሞ ታንክ የማረክህ ሰው ነህ ብዬ ብዙ ቀባጠርኩ። በመጨረሻ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱን ሊያይ ተስማማ። አይቶ ይወስናል። ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም።

እሑድ ጠዋት ገመቹ ጋሼ ተፈራን በባጃጅ ሊያመጣ ሲሄድ እኔ ቤቱን ላዘገጃጅ ቀረሁ። የላጤ ቤት እንግዳ ሊገባበት ሲል ሴት ካላየችው አይሆንም። ቤቱ ግን ከፈራሁት በላይ ንጹሕ ነው፤ ወለሉ ተወልውሏል፣ መጋረጃው ታጥቧል። ባለመስታወቱን ቁምሳጥን እስክከፍት ድረስ ሥራ ፈትቼ ነበር።

አሥራ ሁለቱ ወታደሮች በሰልፍ ቆመዋል። አቤት አሠራር! በሱቄ ስም አፈርኩ። ጢሙ የከረደደ አለ፤ ነፋስ ፊቱን የመታው ይመስል ዓይኑን ያጠበበ አለ፤ አንዱ አኩርፏል፣ ማን ላይ እንዳኮረፈም ያስታውቃል፤ አጠገቡ ያለው ላይ ነው። የሸሚዛቸው ቁልፍ የጤፍ ፍሬ አታክልም፤ አንደኛው ጭራሽ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ጎደሎ ዕቃ መልሼ ባውቅም፣ ሆን ተብሎ የጎደለ ዕቃ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። የመጋጠሚያ መስመር ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ የለም።

ነገር ግን ጭቃ ናቸው። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ! ቀዩ የመቱ ጭቃ ጫማቸው ላይ ተለጥፏል፤ ሱሪያቸው ላይ ተፈናጥሯል። እዚህ አገር ዝናቡ ዘንቦ ዘንቦ ሲደክመው ያካፋል፤ ጭቃውም ከሰው እኩል ቤት ለቤት ይዞራል፤ እንግዳ በር ላይ ጫማውን ሳይጠርግ ቢገባ ስሙ ከእሱ ቀድሞ ይወጣል። እንዲህ ያለ ጥበብ ያለው ልጅ እንዴት እነዚህን ሰዎች ሳያጥብ ያኖራል? አዘንኩለት። እናት አጠገቡ የለችም አልኩ።

ሞቅ ያለ ውኃ፣ የዱቄት ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ። ጥርስ ሠሪ ቤት ብሩሽ አይጠፋም። አንድ በአንድ እያነሣሁ፣ አኩራፊውን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ፣ ፈገፈግኳቸው። ጭቃው ምንም ሳያስቸግር ለቀቀ። ፎጣ ላይ አድርቄ በቁመታቸው መልሼ ደረደርኳቸው። አበሩ!

ጋሼ ተፈራ ገብቶ፣ ሰላም ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቁምሳጥኑ ፊት ቆመ። ከዳር እስከ ዳር አያቸው።

«እነዚህ ፈቃድ የወጡ ናቸው» አለ።

«እንዴት?» አልኩ።

«ንጹሕ ናቸዋ። ወይ ፈቃድ ወጥተዋል፣ ወይ ከሱቅ ወጥተዋል።» ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ሦስት እርምጃ ቢራመድ ሠርጉ አለቀለት።

ገመቹ ለስላሳ የያዘበትን ትሪ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «እትዬ… ጭቃቸውስ?»

«አጠብኩልህ የኔ ልጅ! እስከ ጉልበታቸው ነበር እኮ። ሥራ በዝቶብህ ነው፣ አልፈርድብህም።» ምርቃት እየጠበቅሁ ነበር።

ትሪውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ሦስት ወር የሠራሁት ነው» አለ። «አፈሩን ከደጅ ዝቄ፣ በጨርቅ ነፍቼ፣ በሙጫ አቡክቼ… የእያንዳንዱ አረጋገጥ ይለያያል።»

በዕድሜዬ ብዙ ጭቃ አጥቤአለሁ። ሰው ተጨንቆ የሠራው ጭቃ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። የሌንሳ ሠርግ ቀይ ውኃ ሆኖ ባልዲዬ ውስጥ ተቀምጧል።

«ምንም አይደለም እትዬ» አለኝ። ምንም አይደለም የሚባለው ሁልጊዜ የሆነ ነገር ሲሆን ነው።

ጋሼ ተፈራ ግን እጁ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ ዞረ። «ጭቃ ነበራቸው?»

«እስከ ጉልበት፣ ጋሼ።»

«የቀረ አለ?»

ነበር። አሥራ ሦስተኛው ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ፣ አቧራ እንዳያገኘው በተደፋ ብርጭቆ ሥር እየደረቀ ነበር፤ ብርጭቆውን ብቻ ወልውዬ አልፌዋለሁ። ጋሼ ተፈራ ተቀመጠ። መነጽሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ወታደሩን ወደ ብርሃን አስጠግቶ ብዙ ቆየ፤ እኛም ብዙ ቆየን።

«የግራ ጫማው ማሰሪያ ሲባጎ ነው» አለ።

«አዎ ጋሼ።»

«የቀኙ ደህና ነው።»

«አዎ። ሁለቱ አንድ ላይ አይበጠሱም ብዬ ነው።»

«ጭቃው ከፊት ይበዛል። ቁልቁለት ወርዷል።»

«አዎ፣ ወርዷል።»

«ይሄን ማን ነገረህ? ዘምተሃል?»

«ኧረ አልዘመትኩም። ነሐሴ ላይ ከጎሬ ሚኒባስ የሚወርዱ ሰዎችን እግር እያየሁ ነው።»

ጋሼ ተፈራ ወታደሩን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ከዚያ ወደ ቁምሳጥኑ ሄዶ፣ አሥራ ሁለቱንም እንደገና በጣቱ ቆጥሮ፣ አንድ ሰው እንደጠፋበት አለቃ ፊቱን አጨማደደ።

«ድስቱን የተሸከመው የታለ?»

«የቱ ድስት ጋሼ?»

«እነዚህ ሁሉ ሰዎች ምን ሊበሉ ነው? ጠመንጃ ሊበሉ ነው? ትልቅ ብረት ድስት፣ በጠፍር የታሰረ፣ ጀርባው ላይ የተደፋ። ጥላሸቱ አንገቱን ያጠቁረዋል። ሁሉም ይስቁበታል፤ ከእሱ ርቆ የሚሄድ ግን የለም።»

«ማን ነበር እሱ?» አልኩ እኔ፣ ነገር የማይገባኝ።

«እኔ» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት። ጠመንጃም ነበረኝ። ድስቱ ይከብድ ነበር።»

ሦስቱ ታንኮች በአንድ ጊዜ ከፊቴ ሲጠፉ ታየኝ። እኔ የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ ሽንኩርቱ መቸኮሉን ያን ሁሉ ዘመን ከየት እንደሚያውቅ አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቄ።

ጋሼ ተፈራ ጃኬቱን አስተካክሎ ወደ ገመቹ ዞረ። «እሱን ሥራው። ልክ ከሆነ ሽማግሌዎችህን ላክ። ልክ ካልሆነ አትላክ።»

ቀላል ነገር መስሎን ነበር። ገመቹ በየሳምንቱ ሠርቶ ይጠራዋል፤ ጋሼ ተፈራ መነጽሩን አድርጎ ይመልሰዋል። መጀመሪያ ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆመ ብሎ መለሰው፤ ድስት የተሸከመ ሰው ቀጥ አይልም። ቀጥሎ ጠፍሩ ትከሻ ላይ ሳይሆን ደረት ላይ ነው አለ። ከዚያ የድስቱ የግራ ጆሮ የተሰበረ ነው አለ፤ ሲሰበር፣ እንዲህ አይደለም የተሰበረው፣ ግማሹ ቀርቶ ነበር አለ። ገመቹ ጥርስ እንደሚለካ እየለካ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ፊቱን ሳያጠቁር ሠራ። ሌንሳ ግን መረራት።

«አዳዳ፣ የሰው ልጅ የሚጨቃጨቀው በጥሎሽ ነው። የእኔ ዕድሜ በድስት ጆሮ አለቀ!»

አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ፣ ጋሼ ተፈራና ሌንሳ ሦስታችንም ገመቹ ቤት ተገኘን። ጋሼ ተፈራ ትንሹን ድስት ተሸካሚ ተቀብሎ አገላበጠው። ጎብጧል። አንገቱ ጠቁሯል። ጭቃው ቁልቁለት የወረደ ጭቃ ነው። የተሰበረችው ጆሮ ግማሿ ቀርታለች። ፊቱ ደግሞ አላኮረፈም፣ አልሳቀም፤ ከኋላው የሚስቁትን ሰዎች ምሳ እያሰበ ያለ ይመስላል። ጋሼ ተፈራ አውራ ጣቱን ምራቅ ነካ አድርጎ ድስቱን አሸው፤ ከዚያ ጣቱን አየ። ምንም አልነካውም።

«አይለቅም» አለ።

«ከላዩ ቫርኒሽ አለበት ጋሼ» አለ ገመቹ እየፈራ። «ላስተካክለው?»

«ተወው። ያኔም አይለቅም ነበር።» መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ቶሌ፣ እሺ። እሑድ ይምጡ።»

መጡ፤ ሠርጉም ሆነ። ገመቹ አሥራ አንዱን እንደገና ጭቃ አስረገጣቸው፤ አኩራፊውን ብቻ በንጽሕናው ተወው፣ ፈቃድ ላይ ነው ብሎ። ድስት ተሸካሚው እኛ ቤት መጣ፤ ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ መካከል ቆሟል። እንግዳ ሲመጣ አሁን የት ግንባር ነበሩ የሚል የለም። «ጋሼ፣ ይሄ ማን ነው?» ይላል፤ ጋሼ ተፈራም እርጥብ እንጨት እንዴት እንደሚነድ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው ምስር እንዴት እንደሚሠራ ይጀምርለታል፤ እንግዳው ለመሄድ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ይቀመጣል። ታንኮቹን የሚያነሣ ጠፍቷል። እውነቱን ለመናገር ምስሩ ይሻላል።

እኔ በየቅዳሜው ቡፌውን እወለውላለሁ። ብርጭቆዎቹን፣ መደርደሪያውን፣ የመስታወቱን ጥግ ሁሉ። እሱ ጋ ስደርስ እጄን ሰብስቤ አልፋለሁ፤ በዕድሜዬ ጥላሸቱን ሳልፈገፍግ የተውኩት ድስት እሱ ብቻ ነው።

ለነገሩ አንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር። አይለቅም።