በቀትር የጠራኝ ድምፅ

ሰው ዱር ይጠርጋል ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠርጌአለሁ። ያውም በነፃ።

የምኖረው እስራኤል አገር፥ ሐይፋ አጠገብ ክርያት ያም ነው። ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሐኪሜ «ስኳርህ ከፍ ብሏል፤ በእግርህ ሂድ» አለኝ። ወዴት? አልኩት። ዝም ብለህ ሂድ አለኝ። እንዴት ነው ዝም ብሎ የሚኬደው? እኛ ዘንድ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ወይ አብዷል ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል። ስለዚህ ምክንያት ፈለግኩ። ሐይፋ ላይ፥ የቀርሜሎስን ሸለቆዎች የሚንከባከቡ በጎ ፈቃደኞች አሉ ሲሉኝ ሄጄ ተመዘገብኩ። ዓርብ ዓርብ ቆሻሻ እንለቅማለን፤ መንገድ የዘጋ ቁጥቋጦ እንቆርጣለን፤ ተጓዥ እንዳይጠፋ ድንጋዩ ላይ ነጭ፥ ሰማያዊ፥ ነጭ መስመር እንቀባለን። እናቴ ከሞተች ያን ጊዜ ዓመት ሊሆናት ነበር። ብትሰማ ኖሮ «ጫካ ለመጥረግ ነው ሱዳንን በእግር ያቋረጥነው?» ትለኝ ነበር።

የሥራ ጓደኛዬ ሉድሚላ ትባላለች። ከክርያት ሞጽኪን የምትመጣ፥ ጡረታ የወጣች የሩሲያ አስተማሪ ናት። ጆሮዋ ከብዷል፤ የጆሮ ማዳመጫውን ደግሞ ላብ ያበላሽብኛል ብላ ኪሷ ውስጥ ትከተዋለች። እሷ ሩሲያኛ የተቀየጠበት ዕብራይስጥ፥ እኔ አማርኛ የተቀየጠበት ዕብራይስጥ እንናገራለን። ማንም ማንንም ስለማይሰማ ተጣልተን አናውቅም።

አንድ የበጋ ዓርብ፥ ልክ ቀትር ላይ፥ ሉድሚላ ከታች ቁጥቋጦ ትቆርጣለች፤ እኔ ከላይ ተንበርክኬ ድንጋይ እቀባለሁ። ድንገት ወፉም ፌንጣውም ዝም አለ። ሁሉም አንድ ላይ። ቤት ሰው ሲያጣ ያለውን ዝምታ ታውቃላችሁ? እንደዚያ።

«ተገኘ!»

ብሩሹ በእጄ እንዳለ ደረቅኩ።

ስሜ ተገኘ ነው። ግን እዚህ አገር የሚያውቀው የለም። ስንመጣ የመዘገበኝ ጸሐፊ መጻፍ ቢቸግረው «ጋዲ» አለኝ፤ ጋዲ ሆኜ ቀረሁ። ፋብሪካ ጋዲ፥ ባንክ ጋዲ። ሚስቴ እንኳ «የልጆቹ አባት» ነው የምትለኝ። ተገኘ ብላ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ነበረች።

«ተገኘ!»

የሴት ድምፅ ነው። የጎንደር ሴት። ቁጣ አለበት። ከቅርብ ነው፤ ሐሩብ ከሚሉት ትልቅ ዛፍ ወዲያ። ሉድሚላን አየሁ፤ ቁጥቋጦዋን ትቆርጣለች።

እናቴ በልጅነቴ ያስተማረችኝ ነገር አለ። ቀትር ላይ ስምህ ቢጠራ አቤት እንዳትል ትል ነበር። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል፤ ጋኔን ግን ሁለቴ ብቻ ጠርቶ ይጠብቃል። እኔም ሦስተኛውን ጠበቅኩ። አንገቴ ላይ ያለው ላብ ቀዘቀዘ። ሦስተኛው አልመጣም።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። አፌን ዘግቼ፥ የቀለም ቆርቆሮዬን አንስቼ፥ ወደ ታች ወረድኩ። ወረድኩ ስል፥ እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ፍየል ነው። ሉድሚላን ራሴን አሞኛል ብዬ ይዣት ሄድኩ። ዋሸሁ እንዳትሉኝ፤ እውነትም አሞኝ ነበር።

ሸለቆው አፍ ላይ ስንደርስ የፖሊስ መኪና ቆሟል። አንዲት የእኛ ሴት፥ ከክርያት አታ የመጣች፥ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ታለቅሳለች። አማርኛዬን ስትሰማ ተጠመጠመችብኝ። እናቷ እማማ ይርገዱ ትናንት ጠዋት ጤና አዳም ልልቀም ብለው ወጥተው አልተመለሱም።

«ስልክ የለችም፥ ዕብራይስጥ የለችም። ብትወድቅም ማንን ትጠራለች?» አለች። «ስትጨነቅ የምትጠራው ተገኘን ነው።»

«ማንን?» አልኳት።

«ወንድሜን። ሱዳን መንገድ ላይ የቀረውን። ስሙ ተገኘ፥ እሱ ግን አልተገኘም።»

ለካ ጋኔን ብዬ የሸሸሁት የወደቀች እናት ኖሯል! እንዲህ ያለ እፍረት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አቀበቱን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ፖሊሶቹ ከኋላዬ ቀሩ። ሐሩቡ ዛፍ ጋ ደርሼ እንደ ሰው ጮኽኩ፦

«አቤት!»

ዝም።

«አቤት!»

ዝም። ልክ እንደ ቅድሙ ነው፤ ወፍ የለም፥ ፌንጣ የለም። አሁን የሚጠብቀው እኔ ሳልሆን ሌላ ነገር ነው መሰለኝ። በቀረኝ ትንፋሽ ሦስተኛውን ጮኽኩ።

ቋ። ቋ። ቋ። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ሰማሁ።

እማማ ይርገዱ ሁለት ቋጥኝ መካከል ተቀምጠዋል። ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ የሌላ ሰው እግር መስሏል። የጤና አዳሙን እስር ታቅፈውታል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። አዩኝ። አተኩረው አዩኝ። ድምፃቸው የደረቀ ቅጠል ነበር፤ ጆሮዬን አፋቸው ላይ አድርጌ ነው የሰማሁት።

«ተገኘ ነህ?»

ምን ልበል? ነኝ እኮ። «አዎ፥ ተገኘ ነኝ» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፥ ይህን ያህል ቆየህ?»

ቃሬዛው እስኪመጣ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። እሳቸውም አልለቀቁኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ድምፃቸው ተመልሷል፤ ነርሶቹን በአማርኛ ይቆጣሉ። ልጃቸው ማን እንደሆንኩ አስረድታቸዋለች፤ አልተቀየሙኝም። እኔ ግን ይቅርታ ካልጠየቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

«እማማ፥ አንቱ ያን ዕለት ቀትር ላይ ሲጠሩኝ ሰምቼ ነበር። ፈርቼ ሸሸሁ» አልኳቸው።

ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«እኔ መቼ ጠራሁህ? ሌሊቱን ሙሉ ጮኼ፥ ሳይነጋ ነው ድምፄ የተዘጋው።»

«ታዲያ ማን ነው ሁለቴ ተገኘ ያለኝ?»

ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሳቡ። «አንተም ሰማሃት?» አሉኝ። «እኔ ልጄን የምትጠራብኝ መስሎኝ ነበር። ቀትር ላይ የሞተ ሰው ስም የምትጠራ ሴት ምን ደግ ነገር ናት ብዬ፥ ሰው እንዲሰማኝ የማጋጨውን ድንጋይ ጣልኩት። እስክታልፍ ትንፋሼን ዋጥኩ።»

ክፍሉ ውስጥ ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ወደ በሩ አየን።

የሚቀጥለው ዓርብ ለሉድሚላ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። የጆሮ ማዳመጫዋን አስደርጌ ነው የነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ እሷ አስተማሪ አይደለች? በሸለቆ ውስጥ ነፋስ ብዙ ዓይነት ድምፅ ያወጣል፥ የተማረ ሰው አይደነግጥም አለችኝ።

ቤሰደር፥ እሺ፥ ነፋስ ይሁን። ግን የሐይፋ ነፋስ ጎንደርኛውን የት ተማረው?