መጋቤ ነዳጅ ስመኘው እና ቀዩ ቁልፍ

ስመኘው መንኩራኩሯን ከጣቢያው አላቀቀና ወደ ሁለተኛዋ ጨረቃ አዙሮ እጁን ወደ ላይ አነሣ።

‹ዝም በሉ! ነዳጅ እየለካሁ ነው።›

ዝም አልን። የቤቱ ባለቤት ዙፋን እንኳ ብርጭቆ ማጠቧን አቆመች። ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ባለው ቤቷ ሻይም ጌምም ይሸጣል። በግድግዳው ጥግ ከተደረደሩት ኮምፒውተሮች የመጨረሻው የስመኘው ነው። አልገዛውም። ሌላ ሰው ግን አይቀመጥበትም፤ የተቀመጠ እንደሆነ ስመኘው ከኋላው ቆሞ ‹ቀስ በል፣ ነዳጅ ልትጨርስ ነው› ይለዋል።

ጌሙ የጠፈር ጌም ነው። ሰው መንኩራኩር ይይዛል፣ ሞተር ይመርጣል፣ ከኮከብ ኮከብ ዕቃ እያመላለሰ ይነግዳል፣ ሽፍታ ሲመጣበት ይዋጋል ወይ ይሸሻል። ሌላው ሰው የሚገባው ለመዋጋት ነው። ስመኘው የሚገባው ለመለካት ነው። አንዱን ሞተር ይገጥማል፣ ታንከሩን ይሞላል፣ ከጣቢያው እስከ ጨረቃዋ ይነዳል፣ ምን ያህል እንደፈጠነና ምን ያህል እንደጠጣ ያያል። ይመለስና ሞተሩን ፈትቶ ሌላ ይገጥማል። ይህን ሲያደርግ ሁለት ዓመት አልፎታል። እስካሁን አንድም ሽፍታ አልገደለም። ሽፍቶቹም የተዉት ይመስለኛል።

ከሞተሩ መቆጣጠሪያ ዳር አንድ ቀይ ቁልፍ አለ። እሱን የተጫነ ሰው ያለውን ነዳጅ ባንድ ጊዜ አንድዶ እንደ ጥይት ይተኮሳል። ስመኘው ነክቶት አያውቅም።

‹ኧረ ቀዩን ተጫነውና ገላግለን!› አለች ዙፋን።

‹ቀዩ ቁልፍ የሞኝ ነው› አለ፣ ዐይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

በየከተማው አንድ ስመኘው አለ። ዕቃው ላይ የተጻፈውን የማያምን፣ ሻጩ የማለውን የማያምን፣ የገዛ ዐይኑንም ያለ ምስክር የማያምን ሰው። ፍኖተ ሰላም ሁለት አላት ይባላል፤ ይህን የሚናገሩት ግን ራሳቸው ፍኖተ ሰላሞች ናቸው። የኛው የሁሉም አለቃ ነው። በሥራው የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው። እኛ በሰጠነው ማዕረግ ደግሞ ክቡር መጋቤ ነዳጅ ስመኘው ነው። ማዕረጉን ስንሰጠው አልተቃወመም። ‹ሥልጣኑ እስከ የት ይደርሳል?› ብሎ ብቻ ጠየቀ።

‹የተጻፈውን ተወውና የለካኸውን ንገረኝ› ይላል። ለተማሪ ይላል፣ ለነጋዴ ይላል፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦም ሲል ሰምቼዋለሁ።

ዝናብ አያስገባም የተባለ ጥላ ገዛና በሐምሌ ገበያው መሐል ዘርግቶ ቆመ። ሰዉ ከየበረንዳው ያየዋል። ጥላው እውነትም አላስገባም። ክቡር መጋቤ ግን ከጉልበቱ በታች በስብሶ መጣና ‹ለግማሽ ሰው ይበቃል› ሲል ፈረደ።

ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ከሁለት ሱቅ የተገዛ ጧፍ ጎን ለጎን አበራ። የነፍስ አባቱ ቄስ ቴዎፍሎስ ጥቂት አዩትና ጠጋ አሉ።

‹ምን ተስለህ ነው፣ ልጄ?›

‹አልተሳልኩም፣ አባቴ። የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ እያየሁ ነው።›

‹ጧፍ የሚበራው ለጸሎት እንጂ ለሩጫ አይደለም› አሉት። ከዚያ ግን ቆመው አብረውት አዩ። የግራው እንደበለጠ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

የቡሬ ባጃጆች ከሩቅ ሲያዩት ሌላ መንገድ ይይዛሉ። ተሳፍሮ ዝም አይልማ። አንገቱን አስግጎ የነዳጁን ቆጣሪ ያያል፤ ቁልቁለት ሲደርስ ሹፌሩን ‹ሞተሩን አጥፋው፣ ቁልቁለቱ ራሱ ይወስደናል› ይላል። አንድ ቀን ዘሚካኤል የሚባል ባለ ባጃጅ እንደታዘዘው አጠፋ። ታች ሲደርሱ ስመኘው ሊከፍል እጁን ኪሱ ከተተ።

‹ግድ የለም፣ መምህር› አለው ዘሚካኤል። ‹ሒሳቡን ለቁልቁለቱ ይክፈሉት።›

ወደ ጌሙ ልመለስ። በኢንተርኔት ያሉት የዓለም ተጫዋቾች ሞተር የሚሞክሩት ባዶ መንኩራኩር ይዘው ነው። ስመኘው ይህን ሲሰማ ከልቡ አዘነ። የነቀምት መገንጠያ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ በቆሎ ሳይጭን፣ በበቆሎው ላይ ሰው ሳይጭን፣ በሰውየው ጭን ላይ ዶሮ ሳይጭን የሄደ መኪና አይቶ አያውቅም። ‹ባዶውን የሚሮጥ መኪና ወይ የሸሸ ነው ወይ የተሰረቀ› ይላል። ስለዚህ መንኩራኩሯን እስክታቃስት ጭኖ ይለካል። ውጤቱም ከዓለም ሁሉ ይለያል። ዓለም ትልቁ ሞተር ይሻላል ሲል፣ ስመኘው ‹ሙሉ ጭነት፣ መካከለኛ ፍጥነት› ይላል። አንድ የውጭ ሰው ‹ለምን ጭነህ ትሞክራለህ?› ብሎ ጻፈለት። ‹አንተስ ለምን ባዶህን ትሄዳለህ?› ብሎ መለሰለት። ሰውየው ድጋሚ አልጻፈም።

እንዲህ ያለ ሰው ፍቅር ይዞት ያውቃል? ይዞት ነበር። ሰርካለም ፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። የተዋወቁት ሁለት ዓይነት የሳል ሽሮፕ ይዞ ‹የትኛው ቶሎ እንደሚያሽር ልሞክር ነው› ሲላት ነው። ‹መጀመሪያ ሳል እንጂ!› አለችው። ይኸው ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ፍኖተ ሰላም ይወርድ ነበር። ሲቆይ ሲቆይ ትዕግሥቷ አለቀ።

‹ሽማግሌ የምትልከው› አለችው፣ ‹እኔን ሞክረህ ስትጨርስ ነው?›

ሽማግሌ ላከ። አባቷ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ነው የሚኖሩት። ሦስት ሆነን ሄድን፦ ቄስ ቴዎፍሎስ፣ የእህሉ ነጋዴ አያ ደስታውና እኔ። እንደ ደንቡ በጠዋት ደርሰን ደጃፍ ላይ ቆምን። ግቡ ስንባል ገባን፣ ተቀመጡ ስንባል ‹ጉዳይ አለን› ብለን ቆመን ተናገርን።

መሪጌታ አዳመጡ።

‹ልጁን አስጠይቄያለሁ› አሉ። ‹ሌባ አይደለም፣ ሰካራም አይደለም። ሁሉን ይለካል አሉኝ። የሚለካ ይቆጥባል፤ የሚቆጥብ ይሰስታል። ልጄን ለቆጥቋጣ አልሰጥም።›

‹የኔታ፣ ቆጥቋጣ አይደለም፤ ጥንቁቅ ነው› አሉ ቄስ ቴዎፍሎስ።

‹ቆጥቋጣ የሆነ ሁሉ ስሙ ጥንቁቅ ነው።›

መሪጌታ ግን የመጣን እንግዳ በባዶ አይመልሱም፤ ቀጠሮ ሰጡን። ‹የኅዳር መጀመሪያ ቅዳሜ ኑ። ቀትር ላይ ለተዝካር ወደ ቆላው ደብር እወርዳለሁ። ከዚያ በፊት ከደረሳችሁ እሰማችኋለሁ። ካልደረሳችሁ ግን ቀጥሎ ሌላ ልጅ የላካቸው የጅጋ ሽማግሌዎች ተራ ይዘዋል።› ሰርካለም ከጓዳ በር ላይ ቆማ እኔን አየችኝ። አስተያየቷ ‹አደራ› የሚል ነበር።

ቅዳሜው ደረሰ። ነዳጅ የጠፋበት ሳምንት ነበር፤ ሚኒባስ እንደ ዝናብ ይጠበቃል። ስመኘው ካባቱ የወረሳትን አሮጌ ኮሮላ አስነሥቶ መጣ።

አያ ደስታው ራሱን ያዘ። ‹ሚስት የሚለምን ሰው ሽማግሌዎቹን ራሱ ሲነዳ የት ታይቷል? ነውር አይደለም እንዴ!›

‹ከተማዋ መግቢያ ላይ አወርዳችሁና እደበቃለሁ፣ አያ ደስታው። ሌላ ሹፌር ቤንዚኑን ይጨርሰዋል። ያለን ለመሄጃና ለመመለሻ ልክ ነው። ለክቼዋለሁ።›

በጌሙ ሕግ ተጓዝን። ሙሉ ጭነት፣ መካከለኛ ፍጥነት። ጭነቱ በዋናነት አያ ደስታው ነበር። በቆሎ የጫነ አይሱዙ አለፈን። ሞተር ብስክሌት አለፈን። ማንኩሳን ስንለቅ ጋሪ አለፈን፤ ፈረሱ ዞር ብሎ ያየን መሰለኝ።

‹ልጄ› አሉ ቄስ ቴዎፍሎስ፣ ‹ሐዋርያትም ቀስ ብለው በእግራቸው ነው የሄዱት። ግን ደርሰዋል።›

‹እንደርሳለን፣ አባቴ።›

ፍኖተ ሰላምን አለፍን። ጅጋ ላይ ወደ ቋሪት ታጠፍን። ዳገቱ ጀመረ። ኮሮላዋ አጉረመረመች፤ የነዳጁ ቀስት ከወትሮው ፈጥኖ ወደ ታች ወረደ። ስመኘው ቀስቱን አየ፣ ዳገቱን አየ፣ እንደገና ቀስቱን አየ።

‹ምን ሆንክ?› አልኩት።

‹ጠፈር ላይ ዳገት የለም› አለ ቀስ ብሎ። ‹ዳገቱን አላሰብኩትም።›

ሁለት ዓመት የለካ ሰው፣ የቋሪትን ዳገት ረሳው።

ስልኬ ጮኸ። ሰርካለም ናት፤ ከአባቷ ቤት ነው የደወለችው። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

‹የት ደረሳችሁ? አባቴ ጥላቸውን አንሥተዋል እኮ!›

‹እየመጣን ነው› ብዬ ዘጋሁት። በያዝነው አካሄድ ብንቀጥል የምንደርሰው መሪጌታ ከወረዱ በኋላ ነው። ብንሮጥ ደግሞ ቤንዚኑ ከመድረሳችን በፊት ሊያልቅ ይችላል፤ ብንደርስም መመለሻ የለንም። ይህን ሒሳብ ከስመኘው በላይ የሚያውቅ ሰው መኪናው ውስጥ አልነበረም።

‹አባቴ፣ ይያዙ› አለ።

‹ምን ልያዝ?›

‹ያገኙትን።›

እግሩን እስከ ወለሉ ሰደደው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላየሁትም። ድንጋይ ሲወረወር፣ ዶሮ ሲበር፣ አያ ደስታው በአገውኛ የማላውቀውን ቃል ሲናገር ትዝ ይለኛል። ቄስ ቴዎፍሎስ ውዳሴ ማርያምን ከመካከሉ ጀመሩ። ስመኘው ከተማዋ መግቢያ ላይ ሊያወርደን ቃል መግባቱን ረሳው። ኮሮላዋ ገበያውን አቋርጣ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሥር ዞራ፣ የመሪጌታ አጥር ጋ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ሳለችና ቀጥ አለች።

መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ጥላቸውን ዘርግተው በራቸው ላይ ቆመዋል። ነጭ ጋቢያቸው ባስነሣነው አቧራ ቡናማ ሆኗል። ሰርካለም ከኋላቸው አፏን በነጠላዋ ይዛለች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላውቅም።

ወርደን አቧራችንን ሳናራግፍ በሽማግሌ ወግ ተሰልፈን ቆምን። ስመኘው መሪው ሥር ተደብቋል።

‹ሹፌሩ ማነው?› አሉ መሪጌታ።

ቄስ ቴዎፍሎስ መዋሸት አይችሉምና ወደ ሰማይ አዩ።

‹የተከራየነው ነው፣ የኔታ› አለ አያ ደስታው።

‹ለምን ተደበቀ?›

‹ዐይን አፋር ነው።›

መሪጌታ ወደ መኪናው ሄዱ። በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

‹ቤንዚን አለህ?›

‹የለኝም፣ የኔታ› አለ ድምፁ ከመሪው ሥር።

‹ምን አደረግኸው?›

‹ጨረስኩት።›

‹ሁሉንም?›

‹ሁሉንም።›

‹መመለሻህንስ?›

‹ቀትር እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው፣ የኔታ። የመመለሻውን አላሰብኩትም።›

መሪጌታ ቀና አሉ። ኮሮላዋን ከፊት እስከ ኋላ አዩ፤ ከሥሯ ጭስ ይወጣል። ጥላቸውን አጠፉ።

‹ግቡ› አሉን። ወደ ተዝካሩ ሰው ላኩ፤ እንደሚዘገዩ እንዲነግርላቸው።

መንገድ ላይ ስለ ልጁ ጠባይ ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ። ጋዜጠኛ ነኝ፤ አሳምሬ አዘጋጅቼው ነበር። ሳልናገረው መሪጌታ ‹እሺ› አሉ። የሹፌሩ የምሳ ድርሻ ከሽማግሌዎቹ ተለይቶ ውጭ ተላከለት። ሰርካለም ናት ይዛለት የወጣችው። በመስኮቱ በኩል ያየሁት፣ እሷ የነዳጁን ቀስት በጣቷ እያሳየች ስትስቅበት ነው። እሱም ሳቀ። ስመኘው ስህተት አግኝቶ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማታ ድንች በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ድንቹ ላይ ተቀምጠን ወደ ቡሬ ተመለስን። ስመኘው ማንኩሳ እስክንደርስ ጆንያውን ቆጠረ። ከዚያ ‹ይኼ አይሱዙ ጥሩ ጭኗል› አለ።

ዛሬም ከሥራ ስወጣ ዙፋን ቤት ጎራ እላለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ለሻይ ነው እላለሁ። የዙፋን ሻይ ውሃ ነው። ወንበሬን ከመጨረሻው ኮምፒውተር ኋላ አደርግና ‹ዝም በሉ› ስባል ዝም እላለሁ።

ሰርጉ በጥር ሆነ። ሙሽሮቹን የያዘችው ኮሮላ ወደ ቡሬ ስትመለስ ማንኩሳ ላይ ቤንዚን ጨረሰች።