ሊቀ አራሚዎች እና አራቱ ወንጌሎች

በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ሰባኪው ገና «መልአኩም...» ብሎ አፉን ሲከፍት ከኋላ ወንበር ጣቱን የሚያነሣ፤ ሠርግም ሆነ ቀብር ላይ «ይቅርታ፣ ይህ የትኛው ወንጌል ላይ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ፤ ዘመድ በሩቁ ሲያየው መንገድ የሚቀይርለት ሰው። እንዲህ ያለ ዘመድ የለንም የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ጭራሽ ዘመድ የላችሁም፣ ወይ ሰውዬው እናንተው ናችሁ።

በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ አለች፤ አጎቷ የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው ሠርተዋል። ሰፈሩ ሊቀ አራሚዎች ይላቸዋል፤ እሳቸውም ማዕረጉን ሳይግደረደሩ ተቀብለዋል። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ነርሷን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሌሎች ልጆች ተረት ሲነገራቸው ለእሷ የዮሴፍ አባት በማቴዎስ ያዕቆብ፣ በሉቃስ ደግሞ ኤሊ መሆኑ ይነገራት ነበር።

የአራሚ ሥራ ጽሑፍን ከጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ነው። ሊቀ አራሚዎችም ጡረታ በወጡ ማግስት አራቱን ወንጌሎች ገዝተው፣ ገጾቹን ቆራርጠው፣ የኮሪደሩን ግድግዳ በአራት ዓምድ ሞሉት። ደግሞ የሙያው ደንብ አለ፤ አራሚ ግራ የገባውን ነገር በገዛ ሥልጣኑ አይነካም፣ ኅዳጉ ላይ በቀይ «ደራሲው ይጠየቅ» ብሎ ይጽፋል እንጂ። መቃብሩ ጋ የታየው መልአክ አንድ ነው ሁለት? ደራሲው ይጠየቅ። ሐዋርያት ለመንገድ በትር ያዙ ተባሉ ወይስ አትያዙ? ደራሲው ይጠየቅ። ግድግዳው ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መሰለ።

መቶ አሥራ አራት ጥያቄ ሲሞላላቸው በንጹሕ ወረቀት ገልብጠው ለአሳታሚው በአደራ ደብዳቤ ላኩ። ከሁለት ወር በኋላ ማኅተም ያረፈበት መልስ መጣ። «ጥያቄዎን ተቀብለናል፤ ደራሲዎቹን ግን ልናገኛቸው አልቻልንም» ይላል። ነርሷ በሳቅ ስትንፈራፈር እሳቸው ደብዳቤውን መስታወት አስገብተው ሰቀሉት። «ቢያንስ ሞክረዋል» አሏት።

የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛ ያንን ኮሪደር ሳይሻገር አንድ ሰዓት ተኩል ቆሟል። ሊቀ አራሚዎች ክንዱን ይዘው፣ «ብዙዎቹ ምሁራን ቀድሞ የጻፈው ማርቆስ ነው ይላሉ፤ ማቴዎስና ሉቃስ ከእሱ ገልብጠዋል። እንዴት ታወቀ? አንተ ተማሪ ሳለህ ስትኮርጅ እንዴት ተያዝክ?» አሉት። ሰውዬው እየተቅለሰለሰ፣ ከጎኑ የተቀመጠውን ልጅ ቃል በቃል በመጻፉ እንደተያዘ ተናዘዘ። «ይኸው!» ብለው ጮኹ። ምስኪኑ ቆጣሪውን ረስቶ ሄደ።

የጥርስ ሐኪሙ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። ሊቀ አራሚዎች አፋቸውን ከፍተው ተንጋለው ሳለ በሬዲዮ የሚሰብክ ሰው ኢየሱስ በአንዲት ውርንጫ ተቀምጦ ከተማ መግባቱን ይተርካል። ማቴዎስ ግን አህያይቱንም ውርንጫዋንም አምጥቷል። መናገር ስላልቻሉ ሁለት ጣት አነሡ። ሐኪሙ «ሁለት ነው እንዴ የሚያምዎት?» አለና ጤነኛውንም ጨምሮ ነቀለው። ጉንጫቸው በጥጥ ተወጥሮ ቤት ሲገቡ ነርሷ ደነገጠች። እሳቸው ግን ስለ ጥርሱ ምንም አላሉም፣ «ሁለት ነው የሚለው» ብቻ።

ከሃዲ ናቸው ብሎ ያማቸው ሰው ግን በከንቱ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀርተው አያውቁም። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ሰባኪ ሊያስደስታቸው ብሎ «አራቱን አስማምተን አንድ ለስላሳ መጽሐፍ ብናደርጋቸውስ?» ቢላቸው ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «ልጄ፣ ሳይጠይቅ የሚያቃና አራሚ ሌባ ነው» ብለውት ለሦስት ወር አኮረፉት።

እንግዲህ ነርሷ ልታገባ ነው። እጮኛዋ ጨዋ ልጅ ነው፤ ችግሩ አባቱ ናቸው። አባትየው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሲሆኑ ሃያ ዓመት የሰንበት ትምህርት አስተምረዋል፤ ቃላቸው ሲመለስ ደግሞ አይወዱም። የታላቅ ልጃቸው ጋብቻ የፈረሰው የልጅቷ አባት በምሳ ላይ ስለተከራከሯቸው ነው። አሁን ከነባለቤታቸው ለትውውቅ ሊመጡ ነው። ነርሷ ግድግዳውን በአንሶላ ሸፈነችና አጎቷን አስቀመጠቻቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ከሰዓት ብቻ። ምንም እንዳይናገሩ።»

«ሰላምታስ?»

«ሰላምታ ይቻላል።»

«ስለ አየሩስ?»

«ይቻላል። ከዝናቡ ተነሥተው ወደ ኖኅ ካልገቡብኝ።»

እንግዶቹ መጡ፤ ሻይ ቀረበ፣ ኬክ ተቆረሰ። ሊቀ አራሚዎች አየሩን በአጭሩ አመሰገኑና ዝም አሉ። ዳይሬክተሩ ዝምታውን እንደ አክብሮት ቆጥረው ጨዋታቸውን አሞቁት፤ ጨዋታ ጨዋታን አነሣና ወደ ልደቱ ታሪክ ደረሱ። «ሦስቱ ነገሥታት በግመሎቻቸው በረቱ ደጃፍ ሲደርሱ...» እያሉ በመማሪያ ክፍል ድምፃቸው ያስረዳሉ። ነርሷ አጎቷ ሳህን ላይ ሌላ ኬክ ጨመረች። አጎቷ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። ደገሙ። የግንባራቸው ሥር ተገተረ።

«አይደለም እንዴ፣ ወንድሜ?» አሉ ዳይሬክተሩ ዞር ብለው።

ሊቀ አራሚዎች ነርሷን አዩአት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ኬኩ መለሱና፣ «ልክ ነው» አሉ።

ነርሷ ይህን ቃል ስትመኘው ኖራለች። የዘመድ ሠርግ ላይ፣ የጎረቤት ቀብር ላይ፣ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ ሁሉ፣ ምነው አንዴ እንኳ «ልክ ነው» ብለው ቢያልፉ ብላ መሬት ተከፍቶ እንዲውጣት ለምናለች። አሁን ሰማችው። ጤነኛ ጥርሳቸው ሲነቀል ያልተበገሩ ሰው ለእሷ ሲሉ ስሕተት አሳለፉ። ትከሻቸው ወርዶ፣ አንድ ሌላ ሽማግሌ መስለው ተቀምጠዋል። በጣም ትወዳቸው ነበር፤ ይህን ያህል መሆኑን ግን አታውቅም ነበር።

«ልክ አይደለም!» አለች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «ሦስት ናቸው የሚል የለም። ነገሥታትም አይላቸውም። ግመልም የለም። የገቡትም ቤት ነው፤ ግርግሙ የሉቃስ ነው፣ ሰብአ ሰገል ደግሞ የማቴዎስ!»

እጮኛዋ ጥፍሩን መመርመር ጀመረ። እናትየው ኬኩን እንደጎረሱ ቀሩ። ዳይሬክተሩ ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ነርሷ ግን ቆርጣለች፤ ከፈረሰም ይፍረስ፣ ጋሼ አፋቸውን ተለጉመው የሚቀመጡበት ዘመድነት ለእሷ አይሆንም።

«ታዲያ ስንት ነበሩ?» አሉ ዳይሬክተሩ። የጠየቁት እሷን ሳይሆን አጎቷን ነው።

ሊቀ አራሚዎች አሁንም ነርሷን አዩአት።

«ይናገሩ፣ ጋሼ።»

«አይታወቅም!» አሉ ከወንበራቸው ሊዘሉ ምንም ሳይቀራቸው። «ስጦታው ሦስት ስለሆነ ሰው ሰጪዎቹንም ሦስት አደረጋቸው እንጂ ቁጥር አልተጻፈም!»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሦስት ልጆች ዘውድ አስደፍቼ መድረክ ላይ አውጥቻለሁ» አሉ ዳይሬክተሩ ለራሳቸው። ከዚያ ተነሡና ወንበራቸውን ያዙ። ወደ በሩ ሊሄዱ ነው ወይስ ምን ሊሆኑ ነው ብላ ነርሷ ተከትላቸው ተነሣች። ወንበሩን እየጎተቱ መጥተው ከአጎቷ ጉልበት ፊት ለፊት አስቀመጡት።

«እስቲ ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ» አሉ።

ሊቀ አራሚዎች እንደ ሙሽራ ፈገግ አሉ። «ከየትኛው መጀመሪያ?» አሏቸው። «አራት አለ።»