የወርቃማው ካርቶን ካርድ

[ካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር፤ የረመዳን ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀርቶታል። ሻዝሊ ሱቁ ውስጥ ሰርቨሩን ከፍቶ ጎንበስ ብሎበታል። ከዚህች ሱቅ የሚነሣው ገመድ ከጣሪያ ጣሪያ እየተንጠላጠለ ለአርባ ቤት ኢንተርኔት ያደርሳል። ሦስት ምሽት በተከታታይ፣ ልክ እናቶች ማዕድ ላይ ሆነው ባሕር ማዶ ያለ ልጃቸውን ሲያናግሩ መስመሩ ድርግም ብሎ ጠፍቷል። ዛሬም ከጠፋ አርባው ቤት ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ተፎካካሪው ገመድ እንደሚዛወር ለሻዝሊ ቁርጡ ተነግሮታል። ጥፋቱ ከኔትወርክ ካርዱ ነው። ገመድ ዘርጊው ባሲዩኒ ከጣሪያ ወርዶ አጠገቡ ቆሟል።]

ሻዝሊ፦ [እያንጎራጎረ] «ጀልባዬ አባይን ስትሻገር... ልቤን... ልቤን ምን አደረገችው...» ጠፋኝ። ሆድ ባዶ ሲሆን ግጥምም ይሸሻል።

ባሲዩኒ፦ ባሽመሃንዲስ፣ የኔ ኢንጂነር፣ እኔ ያመጣሁትን ካርድ አንዴ ብትሞክረው ምን አለ?

ሻዝሊ፦ በኪሎ ከሚመዘን ውራጅ መሀል የለቀምከውን? እርግብ የፈለፈለችበት ነው የሚመስለው። ይልቅ ይኼን አዲስ የገዛሁትን ካርድ እይ። ካርቶኑ ወርቅ ነው፣ ወርቅ።

ባሲዩኒ፦ ሰርቨሩ ካርቶን ያነባል?

ሻዝሊ፦ ፀሐይ አናትህን አብስላዋለች፤ አልፈርድብህም።

[ሻዝሊ መስበክ ጀመረ። ይህ ክፍት ምንጭ ሲስተም በዓለም ዙሪያ በጎ ፈቃደኞች የሚጽፉት እንደሆነ፣ የማያውቀውን ካርድ ይዞ እንደሚንገዳገድ፣ የሚያውቀውን ግን እንደ ወዳጅ እንደሚቀበል አብራራ። ባሲዩኒ አፉን ከፍቶ ሰማ፤ ከዚያ አዲሱን ካርድ ከካርቶኑ አወጣው።]

ባሲዩኒ፦ ታዲያ የሚያውቀው ካርቶኑን ሳይሆን ካርዱ ላይ ያለችውን ይቺን ጥቁር ካሬ ነዋ። ወረቀት ለጥፈውባታል። ከሥሩ ምን ይላል?

ሻዝሊ፦ ላቲን ፊደልን ከሽቦ መች ለይተህ ታውቃለህና ነው?

ባሲዩኒ፦ አልለይም። መልኩን ግን አያለሁ።

[ባሲዩኒ ገመድ ሲልጥ በጠነከረ ጥፍሩ ወረቀቱን ላጠው። ሦስት ምሽት ያሳፈራቸውን አሮጌ ካርድ አነሣና ከአዲሱ ጎን አስቀመጠው። በሁለቱም ካሬ ላይ ያለው ጽሑፍ ቁርጥ አንድ ነበር። የሻዝሊ ጆሮ ቀላ።]

ባሲዩኒ፦ መንታ ናቸው። አንዱ ብቻ ሙሽራ ሆኖ መጣ።

[ሻዝሊ የእርግቧን ካርድ አቧራውን እፍ ብሎ ሰካው። ሲስተሙ ገና ሲነሣ በስሙ ጠራው። የማፍጠሪያው መድፍ ተተኮሰ፤ አርባው ቤት በአንዴ መስመሩ ላይ ገባ፤ ትንሿ አረንጓዴ መብራት ግን እንደ ዘፋኝ ዓይን እየተርገበገበች ጸናች። ከላይኛው ፎቅ አንዲት እናት ልጇን በላህ ወይ እያለች ስትጠይቅ ተሰማች።]

ሻዝሊ፦ ማን ነገረህ?

ባሲዩኒ፦ አንተ። [ዘይት የጠጣ ወረቀት ከኪሱ አወጣ] ባለፈው ወር «ሲስተሙን የሚሠሩት የሚያምኗቸው ካርዶች እነዚህ ናቸው» ብለህ አትመህ ለሰፈሩ ስታሳይ ነበር። ከዚያ ሳታነበው የባቄላ ጥብሱን፣ ጣዕሚያውን፣ ለሚሸጠው ሰውዬ ለመጠቅለያ ሰጠኸው። ሌሊት ለሱሁር ስገዛ የኔን ጣዕሚያ ጠቀለለበት። እኔም ወረቀቱን ይዤ ውራጁ መሀል ገባሁ፤ የፊደሉን መልክ ከመልክ አስተያየሁ።

ሻዝሊ፦ እና ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?

ባሲዩኒ፦ እንድትሰማኝ ወርቃማ ካርቶን መሆን ነበረብኝ። ና ቁጭ በል። ዘፈኑም «ልቤን ከወደቡ ረሳችው» ነው የሚለው።

[ሻዝሊ በመጨረሻ ተቀመጠ። ባሲዩኒ ተምሩን ወርቃማው ካርቶን ላይ ደርድሮ አቀረበለት።]

ባሲዩኒ፦ ብላ። ካርቶኑ እንኳ እውነትም ጥሩ ነው።