በትውስት የምትኖረው ማርሚታችን

በእኛ ሰፈር ዕቃ ባለቤት አለው እንጂ ቤት የለውም። ድንኳኑና ትልልቁ ድስት የሰፈሩ ዕድር፣ የቅሬው ነው፤ እሱስ ደንብ አለው። የቀረው ሁሉ ግን ሲዞር ይኖራል። መሰላል ያለው አንድ ጎረቤታችን ነው፣ መሰላሉ ግን እሱ ቤት አድሮ አያውቅም። የእኛ መዶሻ የት እንዳለ ብትጠይቁኝ ከእኛ ቤት እስከ ሰኞ ገበያ ባለው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ምስማር እየመታ እንደሆነ ብቻ ነው የምነግራችሁ። ደሴ ያደገ ሰው ጎረቤቱን «የለኝም» ብሎ መመለስ አይሆንለትም። ካለው ይሰጣል፤ ከሌለው ከሌላ ጎረቤት ተውሶ ይሰጣል። ይህን የምላችሁ በደግነታችን ልመጻደቅ ፈልጌ እንዳይመስላችሁ። ተናድጄ ነው። ደግነት አንድ ቦታ ላይ ማቆም አለበት፤ እኔ ቢቻል ማርሚታ ላይ ሲደርስ ይቁም ባይ ነኝ።

ማርሚታ የመኪና ጭስ ማውጫ ነው። ከሞተሩ ተነስቶ በመኪናው ሆድ ሥር እስከ ኋላ ድረስ ይሄዳል። መሃሉ ላይ ድምፅ የሚያፍን ያበጠ ነገር አለው፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ጭሱን የሚያጣራ፣ ቀዳዳ ቀዳዳው የማር እንጀራ የመሰለ ክፍል አለ። ጤነኛ ሰው ይህ ነገር በመኖሩ አላህን ያመሰግናል። የሰፈራችን ወጣቶች ግን ጋራዥ ወስደው ሆዱን ያስወጡታል። ለምን ስትሏቸው «መኪናዋ እንድትተነፍስ» ይላሉ። እሷ ስትተነፍስ እኛ ትንፋሽ እንደሚያጥረን ማን ይንገራቸው?

በዓመት አንዴ ግን መኪና ሁሉ ኮምቦልቻ ወርዶ ይመረመራል። ጭሱ ይለካል፣ ድምፁ ይደመጣል፣ ካለፈ መስታወቱ ላይ ቦሎ ይለጠፍለታል። ሆዱ የወጣ ማርሚታ ይዞ ማለፍ አይቻልም። ይህን ደንብ ያወጣውን ሰው ሳላውቀው እወደዋለሁ። እሱ ያላወቀው አንድ ነገር ቢኖር የሰፈራችንን መዋዋስ ነው።

አባቴ አሮጌ ኮሮላ አለው፤ ኮንትራት ይሠራበታል። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ መኪና። ማርሚታዋ ከነሙሉ አካሏ ናት። ለዚህም ነው በሰፈሩ ኮሮላ ያለው ሁሉ ምርመራው ሲደርስበት ወደ እኛ ቤት የሚመጣው። ማርሚታችን ትፈታለች፣ የተዋሰው ሰው መኪና ላይ ትታሰራለች፣ ኮምቦልቻ ወርዳ ታልፋለች፣ ትመለሳለች። ስንት መኪና እንዳሳለፈች እኔ እንጃ። እንደ እሷ በትጋት የምታልፍ ተማሪ ትምህርት ቤታችን ውስጥ የለችም።

እኔም ነገሩን እንደ መሰላሉ ቆጥሬ ስስቅበት ነበር የኖርኩት፤ እህቴ ዘይነብ እስክትወልድ ድረስ። ልትታረስ እኛ ቤት መጣች። ሕፃኗን ሒክማ አልናት። አራስ ያለበት ቤት እንዴት እንደሚከበር ታውቃላችሁ፤ እንግዳ በጣቱ ጫፍ ያንኳኳል፣ ሳል የያዘው ሰው ከአጥር ውጭ ስሎ ይገባል። በአጥር የሚዋሰነን ጀማል ግን ሱብሂ ሰግዶ እንደተመለሰ (ለሶላቱ አይታማም) ሆዷን ያስወጣላትን ኮሮላ ያስነሳል። በደሴ ብርድ ሞተር ቶሎ አይሞቅም ብሎ ነዳጅ ይሰጣል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይሰጣል። ቆርቆሯችን ይንቀጠቀጣል። ሒክማ ሁለት እጇን ወደ ላይ ወርውራ ትነቃና እስክትጠቁር ታለቅሳለች። ዘይነብ አብራት ታለቅሳለች። ገመድ ላይ የተሰጣው የልጅቷ ጨርቅ ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

አንድ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እኔም ከኋላዋ ተከተልኩ፤ ለጀማል የምለውን ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላስል አድሬያለሁ።

«ያ ጀማል! አራስ አለብን እኮ!» አለችው።

«አብሽሩ እማማ» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «መኪናዋ ሕጋዊ ናት። ይኸው ቦሎዋን ይዩት። መርማሪው ጤነኛ ናት ካለ እርስዎ በምን ያሟታል?»

ያን ቦሎ ያስገኘችው ማርሚታ እኛ ግቢ ውስጥ፣ የአባቴ መኪና ሆድ ሥር ተኝታ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ብርድ ገባበት እንጂ ቃል አልወጣበትም።

የጀማል ቦሎ ወሩ ሲያልቅ እንደሚያልቅ እናቴ ደረሰችበት። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ዱዓው ሁሉ አንድ ሆነ፦ ያ ቀን ይምጣ። በዚህ ዓመት ማርሚታ አናውስም፤ ስለዚህ አያልፍም፤ ስለዚህ ያስጠግናል፤ ስለዚህ ሒክማ ትተኛለች። እንዴት ያለ ንጹሕ ሒሳብ ነበር!

ወሩ ሊያልቅ ሲል ጀማል አራስ ሊጠይቅ መጣ። በእጁ የአጃ ዱቄት ይዟል። ለዘይነብ አፊያ ተመኘ፣ ሒክማን ማሻአላህ አለ፣ ተቀመጠ፣ የቀረበለትን ጠጣ፣ ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ።

«ጋሽ ይመር፣ ያቺ ማርሚታ እንግዲህ...»

«ወላሂ አትወጣም!» አለች እናቴ ከጓዳ።

አባቴ ካልሲውን አየ።  «ጎረቤት ነው» አለ፣ ለካልሲው የሚናገር ይመስል። «አጃ ይዞ መጥቶ ባዶ እጁን ይመለስ?»

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ጀማል ፊት ቆማ እንዲህ አለችው፦ «እንግዲያው ማርሚታዋ ካንተ መኪና ላይ አትፈታም። ዘይነብ አርባዋን እስክትጨርስ እዚያው ትቆያለች። የኛው ሰውዬ ያንተን ጉድ አስሮ ይንዳ። ማልልኝ።»

ጀማል ማለ። እኔ እናቴን እንደዚያን ቀን ኮርቼባት አላውቅም።

በማግስቱ አባቴና ጀማል መኪኖቹን በክሪክ አንስተው ማርሚታ ተለዋወጡ። አሁን የጀማል መኪና የኛን፣ የኛ መኪና የጀማልን ይዛለች። አባቴ ታዲያ የልጅ ልጁ እንዳትነቃ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ማስነሳት ተወ። ማርሹን አላቅቆ ፎሌ አድርጎ መሪውን ይይዛል፣ እኔና እናቴ ከኋላ እንገፋለን፣ ቁልቁለቱን በዝምታ ወርዳ አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ያስነሳታል። በዚያ ብርድ፣ በነጠላ ጫማ። ጀማልም ሲያልፍ «አላህ ያግዛችሁ» ይለናል። አልገፋም። ያግዛችሁ ብቻ።

በሦስተኛው ቀን ጀማል ኮምቦልቻ ወረደ። አስር ላይ ሲመለስ ገና ከፒያሳ ሳይርቅ ሰማነው። ከበፊቱ የባሰ ነበር፤ በፊት የሚጮኸው ግማሽ ማርሚታ ነበር፣ አሁን የሚጮኸው ባዶ ቱቦ ነው። መስታወቱ ላይ አዲስ ቦሎ ያብለጨልጫል።

«ማርሚታዋስ?» አለ አባቴ።

«ከምርመራው በር ላይ ከሐርቡ የመጣ አንድ ልጅ አገኘኝ፤ ምርመራው ደርሶበታል። በአላህ ብሎ ለመነኝ። እምቢ ይባላል እንዴ ጋሽ ይመር?»

«የሰው ዕቃ!» አለች እናቴ።

«እሳቸው ቢሆኑም ይሰጡት ነበር» አለ ጀማል አባቴን እያየ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ እውነቱን መሆኑ ነው።

በማግስቱ አባቴ ማርሚታዋን ፍለጋ ሲወርድ መፍቻ የሚያቀብለው ስለሌለ እኔን ይዞኝ ሄደ። የሐረጎን ቁልቁለት በጀማል ማርሚታ እየጮኽን ስንወርድ ጭነት መኪኖች ሳይቀሩ ዞር ብለው አዩን። ኮምቦልቻ ስንደርስ ደግሞ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከምርመራው ግቢ ማዶ፣ ከግራር ሥር፣ መኪኖች በክሪክ ተነስተው ተደርድረዋል። ሰዎች ካርቶን ላይ ተኝተው ማርሚታ ይፈታሉ፣ ማርሚታ ያስራሉ። «ያቺን ብሎን!» «አንተ ቶሎ በል፣ ተራዬ ደርሷል!» የኋላ መብራት የሚዋዋሱም አሉ። ይህ ሁሉ ከበሩ የድንጋይ ውርወራ አይርቅም። አንድ መርማሪ ሻይ ይዞ አጥሩን ተደግፎ ይመለከታል። ፊቱን እንኳን አላዞረም!

የሐርቡውን ልጅ ያገኘነው ምርመራውን ጨርሶ ሲወጣ ነው። አባቴ ቀረብ አለና በትሕትና «የኔ ልጅ፣ ማርሚታዋ የኔ ናት» አለው።

«ያ አላህ! እርስዎ ነዎት ጋሽ ይመር?» ብሎ እጁን ሳመው። «አላህ ኸይርዎን ይክፈልዎት። ግን ለዚህ ወንድሜ ቃል ገብቼለታለሁ። ከሱ ቀጥሎ ተራ ይያዙ።»

አባቴም «እሺ» አለ። ለገዛ ማርሚታው ተራ ያዘ! ግራሩ ሥር ቁጭ ብለን የኛ ማርሚታ በሌላ ሰው መኪና ስትገባ አየን። መርማሪው መለኪያውን ጫፏ ውስጥ ከተተ፣ ቁጥሩን አነበበና በጣቱ መታ መታ አደረጋት።

«ይቺማ የቤታችን ሰው ናት» አለ እየሳቀ። ማኅተሙን መታ።

እኔ የምለው፣ ካወቃት ለምን ያሳልፋታል? የሚለካው ጭስ የአንድ ጠዋት ነው፤ የዓመቱን ጭስ የሚለካው የሕፃን ሳንባ ነው። ይህን በልቤ አልኩት። በልቤ ጎበዝ ተናጋሪ ነኝ።

ማርሚታችንን ይዘን ስንመለስ አባቴ ቀጥታ ጀማል ግቢ ገብቶ በገዛ እጁ አሰረለት፤ ቃል ቃል ነው ብሎ። እናቴ ራሱ ላይ ቆማ የመጨረሻው ብሎን እስኪጠብቅ አልተንቀሳቀሰችም። ጀማል አኩርፎ ዝም አለ። መኪናውም ዝም አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ ጸጥ አለ። ጀማል ከሱብሂ መልስ ሞተሩን አስነስቶ አሞቀና ተመልሶ ተኛ፤ እንደ ድመት ትንፋሽ እንኳን አልተሰማም። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ሳትጨርስ ሒክማ ማልቀስ ጀመረች። ጠባች፣ አለቀሰች። ታቀፈች፣ አለቀሰች። ሆዷን ዘይት ቀባናት፣ አለቀሰች። ፀሐይ ወጥታም አላቆመችም። ያን ጊዜ ዘይነብ ቀስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሕፃኗ ከልውውጡ በፊት ጀምሮ በመኪናው ጩኸት መንቃት ትታ እንደነበር። እንዲያውም የምትተኛው ያን ጊዜ ነበር። ከልውውጡ ወዲህ ባሉት ጸጥ ያሉ ጠዋቶችም አልቅሳለች፤ እኛ በንዴትና በመግፋት ተጠምደን ልብ አላልንም።

ይህን ስትል፣ ያን ጠዋት መንገደኛ የገፋለት አባቴ ከቁልቁለቱ ሥር መኪናውን አስነሳ። ድምፁ ከሩቅ መጣ። ሒክማ ዝም አለች። ድምፁ ሲርቅ አለቀሰች።

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ጣሪያውን አየች። «ሂጂ» አለችኝ። «አባትሽን መልሺው።»

ሮጬ ተሳፋሪ ሲጭን ደረስኩበት። ስነግረው አላመነኝም፤ ግን መጣ። መስኮታችን ሥር አቆመና እንደሚያፍር ሰው ነዳጁን ነካ አደረገ።

«ጨምር!» አለች እናቴ በመስኮት። «ጨምር እንጂ! ሰው ነህ?»

አባቴ ጨመረ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ጥቁር ጭስ በመስኮቱ ገባ፣ ዘይነብ የልጅቷን ፊት በሻርፕ ሸፈነች። ሒክማ አዛጋች። ዓይኗን ከደነች።

የጀማል በር በርግዶ ተከፈተ። ሽርጡን እንዳገለደመ፣ ጸጉሩ እንደቆመ ወጣ።

«ኧረ በአላህ ጋሽ ይመር! ምነው? ሰው አይተኛም እንዴ? እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ለጎረቤት አይታሰብም?»

መንገዱ ላይ የነበረው ሁሉ ቆሞ አባቴን አየ። እኔም አየሁት። አሁን ይናገራል አልኩ። ዕድሜውን ሙሉ ያልተናገረውን አሁን፣ በዚች ደቂቃ ይናገራል።

አባቴ የመኪናውን መስታወት ዝቅ አደረገ።

«አፉ በለኝ ልጄ» አለው።

ጀማልም አፉ አለው። ደግ ልጅ ነው እኮ! ቀስ ብሎ በሩን ዘግቶ ተመልሶ ተኛ። ሒክማም እስከ ዙሁር ሶላት ተኛች። ያልተኛሁ እኔ ነኝ።