ለኦክ ቅጠል የሚሆን ማሽን

በየሰፈሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው ምን መግዛት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ሰፈር ስለ ፍራሽ የሚያውቅ ይደርሰዋል፣ ሌላው ስለ መኪና ጎማ። እኛ ኦሃዮ ውስጥ፣ በኦክ ዛፍ በተከበበ መንገድ ላይ የምንኖረው፣ የደረሱን ስለ ቅጠል መንፊያ፣ የረገፈ ቅጠል በነፋስ እየገፋ ስለሚጠርገው ማሽን፣ የሚያውቁት ቨርሊን ሃስከት ናቸው። በልቤ ሊቀ ነፋሳት እላቸዋለሁ። ማዕረጉን የሰጣቸው ባይኖርም የሚነፍጋቸውም የለም።

ሊቀ ነፋሳት ማሽናቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ጆሯቸውን ሸፍነው ብቅ ሲሉ የሰፈሩ ውሾች አልጋ ሥር ይገባሉ። ማሽኑ በቤንዚን የሚሠራ፣ ገመዱ ተስቦ የሚነሳ፣ ቧንቧው የዝሆን ኩምቢ የሚያህል ነው። በኅዳር የከተማው መኪና መንገድ ዳር የተከመረውን ቅጠል እየመጠጠ ያልፋል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ሁላችንም ቅጠላችንን ወደ ዳር ማውጣት አለብን። ያን ሰሞን ሣሩ ላይ ቆሞ የተገኘ ሰው ምርመራ አለበት።

"ዛፍሽ ምንድን ነው?"

"ኦክ ነው፣ እንደርስዎ።"

"ግቢሽ ተዳፋት ነው?"

"ትንሽ።"

"ቅጠሉን የምትነፊው እርጥቡን ነው ደረቁን?"

ሐኪም እንኳ ይህን ያህል አይጠይቅም። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፣ ፍርዱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ቤንዚን። በጀርባ የሚታዘል።" የጎረቤታችን የኩርቲስ ግቢ ከሳሎን ምንጣፍ አይበልጥም፤ ለእሱም ቤንዚን፣ በጀርባ የሚታዘል። ኩርቲስ አልሰማ ብሎ በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠራውን ገዛ። ሊቀ ነፋሳት አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲያዩት ቆዩና "እንደታሰረ ውሻ እኮ ነው የምትሆነው፣ ገመድህ እስካለቀበት ድረስ" አሉት። እውነትም አበባዎቹ መሃል ሲደርስ ገመዱ አለቀበት።

እኔ ባሌ ከሞተ በኋላ ቀለል ያለችውን፣ ባለ ባትሪዋን ገዛሁ። ትከሻዬ ከዚያ በላይ አይችልም። ሊቀ ነፋሳት አገላብጠው አዩዋት።

"ሎይስ፣ ፀጉርሽን ልታደርቂባት ነው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባገኙኝ ቁጥር፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ፓስተሩ ባሉበት ሳይቀር፣ ሰላምታቸው "ፀጉርሽ ደረቀ?" ሆነ።

ባለፈው ዓመት መኸር ላይ ባለቤታቸው ዶሪን ከሆስፒታል ወደ ቤት ተመለሰች። ድና አልነበረም። አልጋዋን ግቢውን ወደሚያሳየው ክፍል አዛወሩላት። የሊቀ ነፋሳት ማሽን ግን መጮኹን አላቆመም፤ እንዲያውም ባሰበት። ሰፈሩ ማጉረምረም ጀመረ፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ነው እያለ። ዶሪን አንቺ የምላት ጓደኛዬ ስለነበረች፣ ድንች በአይብ ጋግሬ ይዤላት ሄድኩ።

"ጩኸቱ አይረብሽሽም? ካልሽኝ እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"ተይው" አለች። ዓይኗን ጨፍና ነበር። "ሲጮህ የት እንዳለ አውቃለሁ። አሁን ጋራዡ ጋ ነው። አሁን ደግሞ ወደ አጥሩ ዞረ። እኔ የምፈራው ዝም ሲል ነው፤ ልቡን ያመዋል፣ ለማንም አይናገርም።"

ትንሽ ቆይተው ሊቀ ነፋሳት ገቡ። ሹራባቸው ላይ ቅጠል ተጣብቋል።

"እዚህ መስኮት ሥር ደጋግመህ ነፋህ እኮ" አለቻቸው። "ቅጠል አለ?"

"ኦክ ነው" አሉ። "አያልቅም።"

ኦኩ ቅጠሉን አራግፎ ሳይጨርስ ዶሪን አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ መንገዳችን ፀጥ አለ። ይህን ፀጥታ ለዓመታት ስንመኘው ኖረን፣ ሲመጣ የሚያስደስተው ሰው ጠፋ። የሊቀ ነፋሳት ግቢ በቅጠል ተሸፈነ፣ ከዚያ ደረጃው፣ ከዚያ ጋዜጣው በየተጣለበት። መጋረጃቸው አይከፈትም። ኩርቲስ ሄዶ "ቅጠሉን ላንሳልዎት?" ቢላቸው ከበሩ ጀርባ "ተወው" ብቻ አሉት። የከተማው መኪና የመጨረሻ ዙር ሰኞ ነው ተባለ። እኔን ያስጨነቀኝ ሣሩ አልነበረም። ባሌ የሞተ ጊዜ እኔም መጋረጃ ዘግቼ ስለነበር፣ እዚያ ውስጥ ቀኑ እንዴት እንደሚረዝም አውቃለሁ።

ጸለይኩ። ከዚያ ከጸሎት ጋር እምብዛም የማይሄድ ነገር አደረግሁ። የማሽኔን ባትሪ አውጥቼ ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ከአበባ ማሰሮ ጀርባ ደበቅሁና ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

"ማሽኔ አልነሳ አለችኝ። የትኛውን ልግዛ?"

ከውስጥ ድምፅ መጣ። "ሱቁን ጠይቂ።"

"ጠይቄ ነበር። ባለ ገመዱን ግዢ አሉኝ።"

በሩ ተከፈተ።

ጢማቸው አድጓል፣ የቤት ጫማ አድርገዋል። "ባለ ገመድ?" አሉ። "ለኦክ?"

በዚያው ጫማ እስከ ጋራዤ ድረስ መጡ። ማሽኗን አንስተው የባትሪዋን ቦታ አዩ፤ ባዶ ነው። መደርደሪያውን ቃኙ። ማሰሮውን ገፋ አደረጉና ባትሪውን አወጡት፤ አረንጓዴ መብራቶቹ ሁሉ በርተዋል። እኔ የጫማዬን ጫፍ አያለሁ። ባትሪውን ከትተው ቁልፉን ሲጫኑት ማሽኗ ያለ አንዳች ሐፍረት ተነሳች። አጠፏት።

"ሎይስ፣ ይህ ማሽን አልተበላሸም።"

"አልተበላሸም?"

"አልተበላሸም። ለኦክ የማይሆን ማሽን ነው እንጂ። ፀጉር ማድረቂያ ነው።" ማሽኗን በቀስታ አስቀመጡ። "የኔውስ አሁን ማን ሊሰማው?"

መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ።

እሑድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን እየለበስኩ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። የገመድ መሳብ ሰማሁ፤ ሞተሩ አንዴ ተንቋቋና ጠፋ። እንደገና ተሳበ። ከዚያ ያ የተለመደው ጩኸት መንገዱን ሞላው። የጎረቤት ውሻ አለቀሰ።

በእሳቸው ግቢ በኩል ያለውን መስኮት እስከ ጥግ ከፈትኩ። ካፖርቴን ደርቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አሁን ጋራዡ ጋ ናቸው። አሁን ወደ አጥሩ ዞሩ። ድንገት ዝም ሲል ደንግጬ ብድግ አልኩ፤ ቤንዚን እየጨመሩ ኖሯል። ከዚያ ዶሪን ተኝታበት ወደነበረው ክፍል መስኮት ሄዱ፣ ሥሩን ጠረጉ፣ ዞረው ሄደው እንደገና ወደዚያው መጡ። እዚያ አንድም ቅጠል አልቀረም ነበር።

ቤተ ክርስቲያን አርፍጄ ገባሁ።